“ትንሽ እንጨምር”፦ ሰው ስለ ነገ ያለውን ግምት ከምን ይሠራዋል?



በዚህ እትም የምናነሳው ርዕስ ከምህንድስና ክፍል የወጣ ቢመስልም የሁላችንም ጉዳይ ነው። ሰው ነገ ምን እንደሚሆን ሳያውቅ ዛሬ መወሰን አለበት። ገበሬው የሚዘራውን፣ ነጋዴው የሚያስጭነውን፣ ተማሪው የሚገባበትን ዲፓርትመንት የሚመርጠው ስለ ነገ በያዘው ግምት ነው። የገይብ ዕውቀት የአላህ ብቻ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። የኛ ጥያቄ ከዚያ ዝቅ ያለ ነው፦ ገይብን የማያውቀው ሰው ግምቱን ከምን ይሠራዋል? የገበያን ወይም የኅብረተሰብን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር አስመስለው የሚያጠኑ ባለሙያዎች፣ ማለትም የሲሙሌሽን ሞዴል ሠሪዎች፣ ይህን ጥያቄ ዘለው ማለፍ አይችሉም። በሞዴላቸው ውስጥ ያለው ገበሬ የሚዘራው ስለ ዋጋ የሆነ ነገር ገምቶ ስለሆነ፣ የሚገምትበትን መንገድ ጽፎ መስጠት የነሱ ሥራ ነው።

በቀላል ምሳሌ እንጀምር። ጀመዓችን በረመዷን ኢፍጣር ያዘጋጃል እንበል። የምግብ ኮሚቴው በየቀኑ ከዐስር ሶላት በፊት ስንት ሰው እንደሚመጣ ገምቶ ሾርባውን መጣድ፣ ሳምቡሳውን መጥበስ አለበት። እስከ ትናንት 200 ሰው ይመጣ ነበር። ዛሬ 300 መጣ፤ መቶው በተምርና በውሃ ብቻ አፈጠረ። ነገ ለስንት ሰው ይዘጋጁ? ለ200 ቢሉ የዛሬውን እያዩ እንዳላዩ መሆን ነው። ለ300 ቢሉ ደግሞ የዛሬው ምናልባት ጁምዓን ተከትሎ የመጣ እንግዳ ይሆናል፤ ነገ ተመልሶ 200 ቢሆን የመቶ ሰው ምግብ ይበላሻል። ስለዚህ አብዛኛው ኮሚቴ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ “ትንሽ እንጨምር።”

ይህች “ትንሽ እንጨምር” የምትባል ነገር ሒሳብ አላት። አዲሱ ግምት ማለት የቀድሞው ግምት ሲሆን፣ በላዩ ላይ በታየውና በተገመተው መካከል ካለው ልዩነት የተወሰነ ክፍል ይጨመርበታል። ክፍሉ አንድ ሦስተኛ ነው እንበል። ልዩነቱ 100 ስለሆነ ኮሚቴው በማግስቱ ለ233 ሰው ይሠራል። የሚመጣው ሰው በ300 ከጸና በቀጣዩ ቀን ለ256፣ ከዚያ ለ270፣ ከዚያ ለ280 እያለ ወደ 300 ይጠጋል። መጀመሪያ በትልቁ ይራመዳል፣ ኋላ ላይ እርምጃው እያጠረ ይሄዳል። ኮሚቴው ውስጥ ማንም ወረቀት ላይ ይህን አልጻፈም። ቢሆንም በየቀኑ ያበሰሉትን ብንመዘግብ ከዚህ ስሌት ብዙ የማይርቅ ቁጥር እናገኛለን።

የኤሌክትሪካል ተማሪዎች ይህን ቅርጽ ወዲያው ታውቁታላችሁ። በሬዚስተር በኩል የሚሞላ ካፓሲተር ቮልቴጁ የሚያድገው ልክ እንዲህ ነው፤ የማስተካከያ ጊዜው ታይም ኮንስታንት የምንለው ነው። የመጋዘን ባለሙያዎች ኤክስፖኔንሺያል ስሙዚንግ ይሉታል። የኢኮኖሚክስ ሰዎች ደግሞ አዳፕቲቭ ኤክስፔክቴሽን ብለውት ፊሊፕ ካጋን እ.ኤ.አ. በ1956 ልጓም የለቀቀ የዋጋ ንረትን፣ ማርክ ነርሎቭ በ1958 የአሜሪካ ገበሬዎች የሚያመርቱትን መጠን እንዴት እንደሚወስኑ ለማስረዳት ተጠቅመውበታል። ስሙ ብዙ ነው፣ ስሌቱ ግን አንድ ነው። ከወረዳው ይህን ስሌት በሳይኮሎጂ በኩል የደረሱበትም አሉ።

ኤሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት አንድ ሙከራ አለ። ተሳታፊዎቹ ፊት ቁጥር የተጻፈበት ጎማ ይሽከረከራል። ጎማው ከቆመ በኋላ ከተባበሩት መንግሥታት አባላት ውስጥ የአፍሪካ አገሮች ድርሻ ስንት በመቶ እንደሆነ ይጠየቃሉ። ጎማው 10 ላይ የቆመላቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25 ሆነ፤ 65 ላይ የቆመላቸው ደግሞ 45 አሉ። ጎማው ስለ አፍሪካ ምንም እንደማያውቅ ሁሉም ያውቃሉ። ግን አእምሮ አንድ ቁጥር ከያዘ እንደ መልሕቅ ይተክለዋል፣ ከዚያ ጥቂት ፈቀቅ ይላል፣ በቂ ያህል ሳይርቅም ይቆማል። የኮሚቴያችን መልሕቅ የትናንቱ ግምት ነው። ያውም የተሻለ መልሕቅ ነው፤ ቢያንስ ከጉዳዩ ጋር ዝምድና አለው።

ይህን ወደ ሞዴል ያስገባው ትውፊት የተጀመረው በአንድ ኤሌክትሪካል ኢንጂነር ነው። ጄይ ፎረስተር በኤም.አይ.ቲ. ኮምፒውተር ሲሠራ የነበረ፣ የማግኔቲክ ኮር ሜሞሪን በማበልጸግ የሚታወቅ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ወደ ዩኒቨርሲቲው የማኔጅመንት ትምህርት ቤት ተዛወረ። እዚያ ሳለ የጄነራል ኤሌክትሪክ ሰዎች አንድ ችግር ነገሩት። ኬንታኪ ያለው የቤት ዕቃ ፋብሪካቸው አንዳንዴ በሦስትና በአራት ፈረቃ ይሠራል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ግማሹን ሠራተኛ ያሰናብታል። ምክንያቱን የኢኮኖሚው ውጣ ውረድ ላይ ይጥሉት ነበር። ፎረስተር ግን ሥራ አስኪያጆቹን ሠራተኛ የሚቀጥሩትና ክምችት የሚወስኑት በምን መነሻ እንደሆነ ጠየቃቸው። መልሳቸውን ይዞ በደብተር ላይ በእርሳስ ሳምንት በሳምንት አሰላው። የመጣው ውጤት የደንበኛው ትዕዛዝ ሳይዋዥቅ እንኳ የሠራተኛው ቁጥር ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚያሳይ ነበር። ማዕበሉ የሚነሳው ከውጭ ሳይሆን ከራሳቸው የአወሳሰን ልማድና መረጃው ደርሶ ውሳኔው እስኪፈጸም ካለው መዘግየት ነበር። ይህ ሥራ አድጎ እ.ኤ.አ. በ1961 መጽሐፍ ሆነ፤ ዛሬ ሲስተም ዳይናሚክስ የሚባለው የትምህርት ዘርፍ የተወለደው ከዚህ ነው።

ከፎረስተር የወረደ አንድ ደንብ አለ፤ በኛ ግምት የዚህ ዘርፍ ዋና ነጥብ እሱ ነው። በሞዴሉ ውስጥ ላለው ሰው፣ እውነተኛው ሰው በቦታው ላይ ከሚያገኘው መረጃ በላይ አትስጠው ይላል። ሞዴል ሠሪው ከኮምፒውተሩ ውጭ ሆኖ ሁሉንም ያያል፤ ገበሬው ግን የሚያየው የአካባቢውን ገበያ፣ የሚሰማው ከመንገደኛ ነው። ግምቱም ከዚያ መሠራት አለበት።

በተቃራኒው የቆመ ሐሳብም አለ። ጆን ሙት እ.ኤ.አ. በ1961 ሰዎች ባላቸው መረጃ ሁሉ ተጠቅመው ሲገምቱ ግምታቸው በአማካይ ትክክለኛው ሞዴል ራሱ ከሚሰጠው ትንበያ ጋር ይገጥማል አለ። ስህተት ይኖራል፣ ግን ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ስህተት አይዘልቅም፣ ሰው ይማራልና። ይህ ሐሳብ ኋላ የኢኮኖሚክስን ትምህርት ቀየረው። የሚገርመው ሙት ይሠራበት በነበረው በፒትስበርጉ ካርኔጊ ተቋም ኸርበርት ሳይመንም ነበረ፤ ሁለቱ ከሌሎች ሁለት ባልደረቦች ጋር ስለ ምርትና ክምችት ዕቅድ አብረው መጽሐፍ ጽፈዋል። ሳይመን ግን የሰው ልጅ አእምሮ፣ ጊዜና መረጃ ውስን በመሆኑ ሰው “ምርጡን” ሳይሆን “የሚበቃውን” ይፈልጋል የሚል ሰው ነው። በ1978 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚሁ ዘርፍ ባደረገው ምርምር ነው። ከአንድ ተቋም ሁለት ተቃራኒ መንገድ ወጣ። የባህሪ ሞዴል ሠሪዎች የሳይመንን መንገድ ይዘዋል፤ ማስረጃቸውም ሰዎች በእርግጥ ምን እንደገመቱ የሚያሳይ መዝገብ ነው።

ወደ መዝገቡ ከመሄዳችን በፊት ኮሚቴውን አንድ ነገር እንጨምርበት። ቁጥሩ አንዴ ዘሎ ከጸና ግምታቸው ቀስ ብሎ ይደርስበታል። በየቀኑ 20 ሰው እየጨመረ ቢሄድስ? ያው የአንድ ሦስተኛ ስሌት ምን ጊዜም ከኋላ ይቀራል። ክፍተቱ 60 ሰው ላይ ሲደርስ ይረጋል፤ ከዚያ በኋላ ጭማሪው እስካልቆመ ድረስ በየቀኑ 60 ሰው ይጎድልባቸዋል። ይህ እንግዲህ የዋህነት ነው፣ ሰው እንዲህ ለረጅም ጊዜ አይታለልም። በአራተኛው በአምስተኛው ቀን አንዲት እህት ተነስታ “ኧረ ይሄ ነገር በየቀኑ እየጨመረ ነው!” ትላለች። ከዚያ ወዲያ ግምቱ የትናንቱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የዕድገቱንም ፍጥነት ይይዛል።

የኤም.አይ.ቲ.ው ጆን ስተርማን እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጥናት ይህን አስተሳሰብ በሦስት ጊዜያት ቀመረው። የመጀመሪያው የአሁኑን ሁኔታ ለማወቅ የሚፈጀው ጊዜ ነው። የወሩ የዋጋ መረጃ የሚወጣው ወሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ “አሁን” የምንለው ሁሉ ትንሽ ያረጀ ነው። ሁለተኛው ወደ ኋላ የምናይበት ርቀት ነው። ዘይት ተወደደ የሚል ሰው ከመቼ ጋር እያነጻጸረ ነው? ካለፈው ወር ጋር ነው ወይስ ፍሬሽማን ሆኖ ከገባበት ዓመት ጋር? የሁለቱ መልስ የተለያየ የዕድገት ፍጥነት ይሰጣል። ሦስተኛው አዲስ የታየውን ለውጥ “እውነትም አቅጣጫው ተቀይሯል” ብሎ ለመቀበል የሚፈጀው ጊዜ ነው። በኛ እይታ ከሦስቱ ሰውን ከሰው የሚለየው ይሄኛው ነው። ነጋዴ በሳምንት ያምናል፤ መሥሪያ ቤት በጀት ጽፎ፣ ሰብስቦ፣ አጽድቆ እስኪያምን ዓመት ያልፋል።

አሁን ወደ መዝገቡ። በአሜሪካ ከ1946 ጀምሮ ጋዜጠኛ ጆሴፍ ሊቪንግስተን የኢኮኖሚ ባለሙያዎችን በዓመት ሁለት ጊዜ እየጠየቀ የዋጋ ንረት ግምታቸውን ይመዘግብ ነበር፤ መዝገቡ ዛሬም በፊላደልፊያው የፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ይቀጥላል። የተጠየቁት ተራ ሸማቾች አይደሉም፣ በሥራቸው ትንበያ የሚሰጡ ናቸው። ሆኖም በ1970ዎቹ ንረቱ ወደ ላይ ሲሄድ ግምታቸው ከሥር ሆኖ ተከተለው፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲወርድ ደግሞ ከላይ ቀረ። ስተርማን ያለፈውን ንረት ብቻ የሚያውቀውን ቀመሩን ቢያስኬደው የባለሙያዎቹን ግምት በቅርብ ተከትሎ ሄደ። የኃይል ፍጆታ ትንበያም እንዲሁ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ በ2000 ስለምትጠቀመው ኃይል የተሰጡ ትንበያዎች ከሆነው እጅግ የራቁ ነበሩ፤ ከነዳጁ ቀውስ በኋላ የፍጆታው ዕድገት ሲቀንስ ትንበያዎቹም በየዓመቱ ዝቅ እያሉ መጡ። ስለ 2000 የተጻፈው ቁጥር በአብዛኛው የሚነግረን ቁጥሩ ከተጻፈበት ዓመት በፊት የነበረውን ነው።

እስካሁን የአንድ ሰው ግምት ነው። ግምቶች ሲደራረቡ የሚመጣው ጉድ የሚታየው በአንድ የታወቀ የክፍል ጨዋታ ነው። ጨዋታው በመነሻው የቢራ ማከፋፈያ ነው የሚባለው፤ እኛ በስኳር ተክተነዋል፣ ስሌቱ ላይ ምንም አይቀየርም። አራት ሰዎች ተሰልፈው ይቀመጣሉ፦ ቸርቻሪ፣ ጅምላ ሻጭ፣ አከፋፋይ፣ ፋብሪካ። መነጋገር አይፈቀድም፤ የሚያገናኛቸው የትዕዛዝ ወረቀት ብቻ ነው። ትዕዛዝ ከተላከ ዕቃው እስኪደርስ በርከት ያለ ሳምንት ይወስዳል። በመጋዘን ለሚያድር ለአንድ ካርቶን በሳምንት ግማሽ ዶላር፣ ለደንበኛ ሳይደርስ ለቀረ ደግሞ አንድ ዶላር ይቆጠርባቸዋል። ደንበኛው በሳምንት 4 ካርቶን ይገዛል። በአምስተኛው ሳምንት 8 ይገዛል፤ ከዚያ እስከ ጨዋታው መጨረሻ 8 ላይ ይጸናል። የሚሆነው ለውጥ ይሄው ብቻ ነው።

ቸርቻሪው ክምችቱ ሲያልቅበት ይደነግጣል፤ ጭማሪው ይቀጥላል ብሎ ገምቶ 8 ሳይሆን 12 ያዛል። ዕቃው አልደረሰም፣ በሚቀጥለው ሳምንት 16 ያዛል። ጅምላ ሻጩ የሚያየው ደንበኛውን ሳይሆን ይህን 12 እና 16 ነው፤ እሱም የራሱን “ትንሽ እንጨምር” ይጨምርበታል። ፋብሪካው ጋ ሲደርስ ቁጥሩ ሌላ ሆኗል። ከዚያ የታዘዘው ሁሉ በአንድ ላይ ሲደርስ መጋዘኑ ይሞላል፣ ትዕዛዝ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ፋብሪካው ሥራ ይፈታል። ስተርማን እ.ኤ.አ. በ1989 የጨዋታዎቹን መዝገብ ሲተነትን ቡድኖቹ ያወጡት ወጪ በአማካይ ማውጣት ይገባቸው ከነበረው አሥር እጥፍ ያህል ሆኖ አገኘው። ከጨዋታው በኋላ ተጫዋቾቹ የደንበኛው ፍላጎት ምን ይመስል እንደነበር ሥሉ ሲባሉ ከፍ ዝቅ የሚል ማዕበል ይሥላሉ። አንዴ ብቻ ከ4 ወደ 8 ማለቱ ሲነገራቸው ሳቅ ይሆናል። ማዕበሉን የሠሩት ራሳቸው ናቸው። ከግምቱ በላይ የጎዳቸውም አንድ ነገር አለ፤ ያዘዙትና በመንገድ ላይ ያለውን ዕቃ ረስተው ደግመው ማዘዛቸው።

ይህ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በአገራችን በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ምርት ያማረ ነበር። ገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ወስዶ ነበር፤ ብድሩ የሚከፈለው ምርት እንደተሰበሰበ ስለሆነ ብዙው በአንድ ወቅት ወደ ገበያ ወጣ። መንገዱም፣ መጋዘኑም፣ ትርፍ ካለበት ወደ ጎደለበት የሚያሻግር ገበያውም አልተዘጋጀም ነበር። በ1994 የበቆሎ ዋጋ በአንዳንድ አካባቢዎች እስከ 80 በመቶ ወረደ። ከምርቱ ከፊሉን ለመሰብሰብ እንኳ የማያዋጣ ሆነ። ለሚቀጥለው ዘመን ሲዘራ ገበሬው ያንን ዋጋ እያሰበ ነበር፤ ብዙው ማዳበሪያ ቀነሰ። በዚያው ዓመት ዝናቡም ቀረ። በ1995 ዓ.ም. የምግብ እርዳታ የሚሹት ሰዎች ከ13 ሚሊዮን በላይ ደረሱ። ለችግሩ ዋናው ድርቁ ነው፤ ድርቁ ያገኘው ግን ባለፈው ዓመት ዋጋ እጁን የሰበሰበ ገበሬ ነበር። ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን የኢትዮጵያ ምርት ገበያን አስፈላጊነት ሲያስረዱ ይህን ዘመን ደጋግመው ያነሱ ነበር፤ ምርት ገበያው ሥራ የጀመረው በ2000 ዓ.ም. ነው።

ያ ገበሬ ተሳስቷል ለማለት ግን እንጠንቀቅ። በእጁ የነበረው መረጃ የአምናው ዋጋ ነው፤ በዚያ ላይ የብድር ዕዳ አለበት። ችግሩ ሁሉም ያንኑ መረጃ ይዘው በአንድ ጊዜ ያንኑ መወሰናቸው ነው። ኢኮኖሚስቶች ይህን የሸረሪት ድር ሞዴል ይሉታል፤ ዋጋና ምርት በግራፍ ላይ ሲዞሩ የሸረሪት ድር ስለሚመስል ነው። (የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ታዋቂ ምሳሌ የአሳማ ገበያ ነው። ቢራና አሳማ! የዚህ ሳይንስ ሊቃውንት የምሳሌ ምርጫቸው ለኛ ጋዜጣ አላመቸም።)

በቁጥር እንየው፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ብቻ ናቸው። ሁሉ ነገር የሚረጋበት የአንድ ኩንታል ዋጋ 1000 ብር ነው እንበል። ገበሬዎቹ ከ1000 በላይ በጠበቁት በእያንዳንዱ 100 ብር አብዝተው ስለሚዘሩ ዋጋው ከ1000 በ120 ብር ይወርዳል፤ ከ1000 በታች ሲጠብቁም በተቃራኒው ይወጣል። ዘንድሮ 1200 ጠበቁ። ብዙ ዘሩ፣ ዋጋው 760 ሆነ። የአምናውን ዋጋ እንዳለ የሚወስዱ ከሆነ ለከርሞ 760 ጠብቀው ጥቂት ይዘራሉ፣ ዋጋው 1288 ይሆናል። 1288 ጠብቀው ይዘራሉ፣ 654 ይሆናል። ቀጥሎ 1415። በየዓመቱ ማዕበሉ እየሰፋ ይሄዳል፤ አንድ ዓመት ገበሬው ያለቅሳል፣ አንድ ዓመት የከተማው ሰው።

አሁን እነዚያኑ ገበሬዎች በ“ትንሽ እንጨምር” እናስኬዳቸው፤ ልዩነቱን በአንድ ሦስተኛ ብቻ ያስተካክላሉ። 1200 ጠብቀው 760 አገኙ። ግምታቸውን ወደ 760 ሳይሆን ወደ 1053 ያወርዳሉ። ዋጋው 936 ይሆናል። ቀጥሎ 1014 ይጠብቃሉ፣ ዋጋው 983 ይሆናል። ከዚያ 1004 ጠብቀው 995 ያገኛሉ። ማዕበሉ ጠፋ። መሬቱ፣ ዝናቡ፣ ገዢው አልተቀየረም፤ የተቀየረው ግምቱ የሚሠራበት መንገድ ብቻ ነው። ነርሎቭ ያኔ በ1958 በሒሳብ ያሳየውም ይህንኑ ነው። በዕድገት ጊዜ ሞኝ ያስመሰለችን ቀርፋፋዋ ስሌት፣ በሚዋዥቅ ገበያ ግን ከፈጣኗ የተሻለች ሆነች። የትኛው ጥሩ ነው ብሎ ለሚጠይቅ እንግዲህ መልሱ ገበያውን ሳያዩ አይነገርም ነው።

የኛው ጉዳይም ከበቆሎው ብዙ አይርቅም። ሪቻርድ ፍሪማን የሚባል የሃርቫርድ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1976 ይህንኑ የሸረሪት ድር በአሜሪካ የኢንጂነሮች ገበያ ላይ አሳይቷል። ተማሪዎች የአዲስ ተመራቂ ኢንጂነር ደመወዝ ጥሩ ሲሆን ወደ ምህንድስና ይጎርፋሉ፤ ከአራት ዓመት በኋላ አብረው ይመረቃሉ፣ ደመወዙ ይወርዳል፣ ከኋላ ያሉት ይሸሻሉ፣ ከዚያ ኢንጂነር ይጠፋል። በቆሎው ለመድረስ የሚፈጅበት ወራት ነው፤ እኛ ዓመታት ይፈጅብናል።

በኛ አገር ነገሩ ሙሉ በሙሉ በተማሪው ምርጫ አይደለም። ምደባ አለ፣ ነጥብ አለ፣ ኮታ አለ። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት ከሚገቡት ተማሪዎች ሰባው በመቶ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሄድ ወሰነ። ያም ቢሆን ስለ ነገ የተሠራ ግምት ነው፤ የገማቹ ብዛት ብቻ ነው የተለየው። ዲፓርትመንት መሙያ ፎርም ሲመጣ ግን በዶርም የሚነገረውን ሁላችን እናውቀዋለን። “የእገሌ ወንድም በሲቪል ተመርቆ ቤት ሠራ።” “አሁን እኮ ሶፍትዌር ነው።” “ጤና ውስጥ ያለ ሥራ አያጣም።” እነዚህን ወሬዎች በስተርማን ሦስት ጊዜያት ብንመዝናቸው፣ የእገሌ ወንድም የተመረቀው ከብዙ ዓመት በፊት ነው፣ ስለዚህ “የአሁኑ ሁኔታ” ያረጀ ነው። የሚነጻጸረው ከአንድ ሰው ጋር ነው። አቅጣጫው ተቀየረ ብሎ ለማመን ደግሞ የሁለት ጓደኛሞች ምስክርነት በቂ ሆኖ ይገኛል። ወላጆቻችን ጋ ስንሄድ መልሕቁ ይበልጥ ይርቃል፤ በነሱ ዘመን የነበረው ሐኪምና ኢንጂነር ነው አሁንም የሚታያቸው።

የዛሬ የመነሻ ደመወዝ የሚነግረን ከአራት ከአምስት ዓመት በፊት ስንት ሰው እንደገባ ነው። እኛ ስንመረቅ የሚኖረውን በከፊል የሚወስነው ደግሞ ዘንድሮ አብሮን የሚገባው ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ምደባው ሲለጠፍ በየዲፓርትመንቱ ሰሌዳ ላይ ይታያል። በስኳሩ ጨዋታ ተጫዋቾቹ የረሱት በመንገድ ላይ ያለ ዕቃ አቻው እሱ ነው፦ ከሁለተኛ እስከ መጨረሻ ዓመት ተማሪ ሆኖ ገና ገበያ ያልደረሰው ሁሉ። ፎርም የምትሞሉ ታናናሾቻችን ደመወዝ ከመጠየቃችሁ በፊት ከበላያችሁ ያሉት ባቾች እያንዳንዳቸው ስንት ሴክሽን እንደሆኑ ጠይቁ።

ራሳችሁ ለመሞከር የምትሹ ቬንሲም የሚባለው ሶፍትዌር ለትምህርት በነፃ የሚሰጥ ዓይነት አለው፤ ኤክሴልም ይበቃል። አንድ ዓምድ ለግምት፣ አንድ ለዋጋ አድርጉ፤ በበቆሎው ፋንታ ደመወዝ ማስገባት ትችላላችሁ። ግምቱን በ1200 ጀምሩና አንድ ሦስተኛውን በ0.9 ቀይሩት። ማዕበሉ አይፈነዳም፣ ግን አይሞትምም፤ ግማሽ እስኪሆን ድረስ 34 ዙር ያህል ይወስዳል። ሙሉ 1 ስታደርጉት ግን እየሰፋ ይሄድና ከጥቂት ዙር በኋላ ዋጋው ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ሞዴሉ ላይ ምን መጨመር እንዳለበት የናንተ የቤት ሥራ ይሁን።